አልዘጋ አልከፈት ያለ የመኪና በር፦ መቆለፊያውንና ስዊቹን የመቀየር ዝርዝር መመሪያ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ የወረደ ሰው፣ በቅጡ ያልተያዘ በር ምን እንደሚያመጣ ነጋሪ አያስፈልገውም። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ በቀኝ በኩል የተቀመጠው ተሳፋሪ ሙሉ ክብደቱን በሩ ላይ ይጥላል። ያን ክብደት ይዞ የሚያስቀረው ከመዳፍ የማይበልጥ አንድ የብረት መቆለፊያ ነው። ታዲያ በገመድ የታሰረ በር፣ ሦስት ጊዜ ካልተወረወረ የማይይዝ በር፣ «በዚያ በኩል አትደገፍ» እየተባለ ሰው የሚጫንበት በር በየመንገዱ ማየት ለምደናል። ሊለመድ የሚገባው ነገር አይደለም። ፍሬኑ የተበላሸ መኪና እንደማይነዳ ሁሉ፣ በሩ የማይይዝ መኪናም ሰው ሊጫንበት አይገባም።

ሥራው ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ካቻቢቴ መያዝ የሚችልና የማይቸኩል ሰው ከቀትር እስከ ማታ ባለው ጊዜ ይጨርሰዋል። ከባዱ ነገር ሁለት ነው፤ አንደኛው በእርግጥ የተበላሸው ምን እንደሆነ መለየት፣ ሁለተኛው ሁሉም ነገር እንደሚሠራ ሳያረጋግጡ በሩን አለመዝጋት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

መመሪያው በአገራችን በብዛት የሚታዩትን የቶዮታ መኪኖች፣ ማለትም ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ያሪስና ሃይሉክስ ያላቸውን አሠራር መሠረት ያደረገ ነው። በሌሎች መኪኖች የብሎኖቹ ቦታና የክሊፖቹ ቅርጽ ይለያይ ይሆናል እንጂ የሥራው ቅደም ተከተል ይመሳሰላል። የሚኒባስ ተንሸራታች በር ግን ሐዲድና ተሽከርካሪ ስላለው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አልነካውም።

መቆለፊያው እንዴት እንደሚይዝ

በሩን ከፍተው ጠርዙን ይመልከቱ። በጠርዙ መሐል በሦስት ብሎኖች የታሰረ፣ አፉ የተከፈተ ብረት ይታያል፤ መቆለፊያው እርሱ ነው። አፉ ውስጥ የሚሽከረከር መንጠቆ አለ። ከፊት ለፊቱ በመኪናው ምሰሶ ላይ ደግሞ በሁለት ወፋፍራም ብሎኖች የታሰረ የብረት ቀለበት ይገኛል። በሩ ሲዘጋ ቀለበቱ መንጠቆውን ገፍቶ ያሽከረክረዋል፤ ከኋላው ያለው ትንሽ ብረት በሞላ (በስፕሪንግ) ተገፍቶ መንጠቆውን ይቆልፈዋል። እጀታውን ሲስቡ ዘንግ ወይም ገመድ ያችን ትንሽ ብረት ያነሳታል፣ መንጠቆውም ይለቃል።

መንጠቆው የሚይዘው በሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያው ጠቅታ ግማሽ ይይዛል፣ በሁለተኛው ሙሉ በሙሉ። የግማሹ ደረጃ የተሠራው በሩ በደንብ ባይዘጋ እንኳ በመንገድ ላይ እንዳይበረግድ ነው እንጂ በእርሱ ተማምኖ ለመጓዝ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 11 የተሽከርካሪ ደንብም ሆነ የአሜሪካው ቁጥር 206 ደንብ፣ ሙሉ በሙሉ የያዘ የጎን በር መቆለፊያ በመኪናው ርዝመት አቅጣጫ (ከፊት ወደ ኋላ) 11,000 ኒውተን ጉልበት እንዲችል ያስገድዳሉ፤ ይህም ከ1,100 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት እንደማንጠልጠል ነው። በግማሽ ለያዘው የሚጠይቁት ግን 4,500 ኒውተን ብቻ ነው። «ይዟል፣ ትንሽ ብቻ ነው የሚንኳኳው» የሚባለው በር እንግዲህ ከጉልበቱ ከግማሽ በላይ የጎደለው በር ነው።

የበሩን መከፈትና መዘጋት ለመኪናው የሚነግረው ስዊች በሁለት ቦታ ይገኛል። በቆዩት መኪኖች ምሰሶው ላይ፣ ጎማ የለበሰች ተጫኝ ስዊች አለች። በአዳዲሶቹ ብዙዎች ላይ ግን ስዊቹ መቆለፊያው ውስጥ ተደብቋል። ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የእርስዎ መኪና የትኛው እንደሆነ ይዩ፤ ምሰሶው ላይ ጎማ ያላት ስዊች ካለች መልሱ ግልጽ ነው።

ከመፍታት በፊት መመርመር

ሳይመረምሩ ዕቃ መግዛት በዚህ ሥራ ገንዘብ የሚባክንበት ዋናው መንገድ ነው። መቆለፊያው ተበላሸ ተብሎ ከሚፈታው በር ውስጥ ስንቱ ላይ መቆለፊያው ደህና ሆኖ ይገኛል!

የኋላ በር ከውስጥ አልከፈት ካለ መጀመሪያ የልጆች መቆለፊያውን ይመልከቱ። በሩ ጠርዝ ላይ፣ ከመቆለፊያው በታች ወይም በላይ ያለች ትንሽ ማንሸራተቻ ናት። ልጅ ወይም ዕቃ ጫኝ ነክቷት ሊሆን ይችላል። በሩ ከውጭ ተከፍቶ ከውስጥ እምቢ ካለ ተጠርጣሪዋ እርሷ ናት።

ቀጥሎ በሩ ተከፍቶ ሳለ መንጠቆውን በካቻቢቴ ጫፍ ይግፉት። አንድ ጠቅታ፣ ከዚያ ሁለተኛ ጠቅታ መሰማት አለበት። ሁለተኛውን ካለፈ በኋላ መንጠቆው በጣት ቢጎተት አይመለስም። አሁን የውጭውን እጀታ ይሳቡ፤ በሞላ ጉልበት ፈጥኖ መመለስ አለበት። እንደገና ይግፉና የውስጡን እጀታ ይሞክሩ። ከአንዱ እጀታ ብቻ የሚለቅ ከሆነ መቆለፊያው ሳይሆን የማይለቀው እጀታ ዘንግ ወይም ክሊፕ ነው የተበላሸው። ከሁለቱም ካልለቀቀ ወይም መንጠቆው እየተንፏቀቀ ከተመለሰ ችግሩ መቆለፊያው ውስጥ ነው። ሙከራውን ሲጨርሱ እጀታውን ስበው መንጠቆውን መመለስዎን አይርሱ፤ የተቆለፈ መንጠቆ ያለበትን በር ቢወረውሩት ከቀለበቱ ጋር ተላትሞ ሁለቱንም ይጎዳል።

እየተንፏቀቀ የሚመለስ መንጠቆ ሁሉ ግን የሞተ አይደለም። በበጋ ወደ ደላንታ ወይም ወደ ተንታ በጠጠር መንገድ የተመላለሰ መኪና መቆለፊያው ውስጥ አቧራ ይጠጣል፤ አቧራው ከድሮው ግራሶ ጋር ተቦክቶ ጥቁር ጭቃ ይሆንና ሞላውን ያሸንፈዋል። በብሩሽና በነጭ ጋዝ ወይም እንደ ደብሊው ዲ 40 ባለ የሚረጭ ፈሳሽ ደጋግመው ይጠቡት፣ በጨርቅ ያድርቁት፣ ከዚያ ነጭ የሊቲየም ግራሶ በስሱ ይቀቡት። የሚረጨው ፈሳሽ ማጠቢያ እንጂ ዘላቂ ቅባት አይደለም፤ ብቻውን ከተዉት ቶሎ ይደርቃል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስ የብዙዎች ልማድ ነው፤ እባክዎ ይተዉት፤ አቧራ ሰብሳቢ ከመሆን አልፎ የውስጡን ስዊችና ሽቦ ያበላሻል። ከታጠበ በኋላ በሁለት ግልጽ ጠቅታ የሚይዝና ፈጥኖ የሚለቅ ከሆነ መቀየር አያስፈልግም።

ሌላው መታየት ያለበት ማጠፊያው ነው። በሩን ግማሽ ከፍተው ጫፉን በሁለት እጅ ወደ ላይ ያንሱት። ወደ ላይና ወደ ታች የሚጫወት ከሆነ የማጠፊያው ማያያዣ ተበልቷል ማለት ነው። የወረደ በር መቆለፊያውን ከቀለበቱ በታች ያሳርፈዋል፤ በቀለበቱ ላይም በአንድ ወገን ብቻ የተፋቀ አንጸባራቂ መስመር ያያሉ። እንዲህ ያለ በር ላይ አዲስ መቆለፊያ ቢገጠም እርሱም በጊዜው ይበላል። መጀመሪያ ማጠፊያው ይሠራ።

በሪሞት የሚሠራው ቁልፍ ብቻ ከሆነ እምቢ ያለው፣ ከሁሉ በፊት ፊውዙን ይዩ። ሁሉም በሮች ዝም ካሉ ፊውዝ ወይም ዋናው መቆጣጠሪያ ነው። አንዱ ብቻ ዝም ካለ የዚያ በር ሞተር ወይም ሽቦ ነው። ሽቦው ከምሰሶው ወደ በሩ የሚያልፍበትን የጎማ ቱቦ ከማጠፊያው አጠገብ ያገኙታል። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦዎቹ እዚያ ይታጠፋሉ፤ ከዓመታት በኋላ ከላይ ላስቲካቸው ደህና መስሎ ውስጣቸው ይቆረጣል። ቱቦውን ከምሰሶው ነቅለው እያንዳንዱን ሽቦ ቀስ ብለው ሳብ ሳብ ያድርጉ፤ የተቆረጠው እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። በሩን ሲያንቀሳቅሱ የክሩስኮቶው (ከመሪው ፊት ያለው የመለኪያዎች ሰሌዳ) መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነም ጥርጣሬው ወደዚሁ ነው።

ስዊቹ ብቻ ሲበላሽ

በሩ በደንብ ይዘጋል፣ ነገር ግን የጣሪያው መብራት አይጠፋም፣ ወይም ክሩስኮቶው ላይ የበር ምልክት እንደበራ ይቀራል። ይህን ቀላል ነገር ነው ብለው አይለፉት። 8 ዋት የሆነ የጣሪያ አምፖል ከ12 ቮልት ባትሪ 0.67 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 12 ሰዓት በሚረዝም አንድ ሌሊት 8 አምፔር ሰዓት ያልቃል ማለት ነው። 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ ያውም አሮጌ ከሆነ፣ በሁለት ቀን ቆሞ ሞተር ማስነሳት ያቅተዋል። በደሴ ቅዝቃዜ ደግሞ ባትሪው ጠዋት ይበልጥ ይደክማል።

ምሰሶው ላይ ያለችውን ስዊች መቀየር ደቂቃዎች ይበቁታል። የምትታሰረው ብዙውን ጊዜ በአንድ ብሎን ነው። ብሎኑን ፈትተው ስዊቿን ሳብ ሲያደርጉ ሽቦዋ አብሮ ይወጣል፤ ሶኬቱን ከመንቀልዎ በፊት ሽቦውን በናስትሮ ምሰሶው ላይ ይለጥፉት። ሽቦው ተንሸራትቶ ምሰሶው ውስጥ ከገባ ለማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስዊቿን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለኩ፤ ሳትጫን (በሩ ክፍት እንደሆነ ማለት ነው) ኦሙ ወደ ዜሮ መቅረብ አለበት፣ ስትጫን መስመሩ ፈጽሞ መቋረጥ አለበት። አንድ ሽቦ ብቻ ያላት ስዊች የምትሠራው በመኪናው አካል በኩል ነው፤ ስለዚህ ብሎኑ የሚያርፍበት ብረት ከዛገ ስዊቿ ደህና ሆና መብራቱ አይበራም። በብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ይጥረጉ። አዲሷን ሲገጥሙ ጎማዋ ያልተቀደደ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የክረምት ውኃ የሚገባው በእርሷ በኩል ነው።

ስዊቹ መቆለፊያው ውስጥ ከሆነ፣ በሩን ከፍተው መንጠቆውን በካቻቢቴ ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉ መብራቱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ በመጀመሪያ ከላይ እንዳልኩት ያጥቡት፤ ካልዳነ ብዙውን ጊዜ መቆለፊያው በሙሉ ይቀየራል። ሽቦውን ቆርጦ ወይም አገናኝቶ መብራቱን ዝም ማሰኘት ግን ጥገና አይደለም። ከዚያ በኋላ በሩ በግማሽ ይዞ ሲጓዝ የሚያስጠነቅቅ ነገር አይኖርም፤ ያ ምልክት የተሠራውም ለዚሁ ነው።

ዕቃውን መግዛት

መቆለፊያ የግራና የቀኝ፣ የፊትና የኋላ አለው፤ አራቱ አይተካኩም። ስለዚህ ለሻጩ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ከመንገር በተጨማሪ የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ፤ ከተቻለ አሮጌውን ፈትተው ያሳዩ። ማመሳሰል ያለብዎት አራት ነገሮች ናቸው፦ የሶኬቱ ቅርጽና የእግሮቹ ብዛት፣ የሦስቱ ብሎኖች ቀዳዳ አቀማመጥ፣ በዘንግ ወይስ በገመድ እንደሚሠራ፣ የቁልፍ ማዞሪያ መያዣ እንዳለው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ መኪና ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ የሾፌሩ በር መቆለፊያ በመጀመሪያ አሠራሩ በቀኝ የነበረ ስለሆነ በመጽሐፍ የሚነገረው ላይገጥም ይችላል። እዚህ ላይ የሚታመነው አሮጌው ዕቃ ብቻ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ካጡት ከአዲስ አበባ ማስመጣት የግድ ይሆናል፤ ያገለገለ ኦርጅናል ዕቃ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። ግን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣ የተሳሳተ ዕቃ መመለስ አድካሚ ነው፤ ከመላኩ በፊት ከፊት፣ ከኋላና ከሶኬቱ በኩል የተነሣ ፎቶ ያስልኩና ከአሮጌው ጎን አድርገው ያስተያዩ። በእኔ እምነት ደህና ሆኖ የተገኘ ያገለገለ ኦርጅናል መቆለፊያ ከርካሽ አዲስ ይሻላል። ሲመርጡ መንጠቆውን በካቻቢቴ ደጋግመው ይቆልፉና ይልቀቁ። የመንጠቆው ጥርስ ጠርዙ ሹል መሆን አለበት፤ የተጠጋጋና ያንጸባረቀ ከሆነ ይመልሱት።

ዝግጅት

የሚያስፈልጉት የኮከብ (ባለ አራት ጫፍ)ና የጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ባለ 10 ቁልፍ፣ ቁጥር 30 የቶርክስ (ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ) ጫፍ፣ ፒንሳ፣ የፕላስቲክ መፈንቀያ ወይም በጨርቅ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ግራሶና ናስትሮ ናቸው። የበሩ ላሜራ ከውስጥ እንደ ምላጭ ስለሆነ እጀ ረጅም ልብስና ቀጭን ጓንት ይልበሱ።

ጊዜና ቦታ መምረጥም የሥራው አካል ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ የጦሳ ተራራ ጉም ሳይገለጥ በጠዋት የተነካ የፕላስቲክ ክሊፕ ደርቆ ስለሚያድር በቀላሉ ይሰበራል። መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁመው ከረፋዱ በኋላ ይጀምሩ። በኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የሽፋኑ ሙጫ ቀልጦ እንደ ማር ስለሚሳብ ጥላ ይፈልጉ።

መስታወቱን እስከ ላይ ይዝጉት። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ጫፍ ፈትተው ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ፤ የጎን ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ይህን መዝለል አደገኛ ነው። መስታወቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ከባትሪው በፊት መዘጋት እንዳለበት ልብ ይበሉ።

የውስጡን ሽፋን ማውረድ

ብሎኖቹ ይደበቃሉ። አንዱ ከውስጡ እጀታ ጀርባ በትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ ይገኛል፤ አንዱ ወይም ሁለቱ በክንድ መደገፊያው ውስጥ ናቸው። በፊት በር ላይ ከስፖኪዮው ጀርባ ያለውን ባለ ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክም መንቀል ያስፈልጋል።

መስታወቱ በእጅ የሚዞር ከሆነ እጀታው የሚያዘው በትንሽ የሽቦ ቅንጥብ ነው፤ የምትታየውም በጭንቅ ነው። ለዚህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ጠንካራ ጨርቅ በእጀታውና በሽፋኑ መካከል አስገብተው ሁለቱን ጫፎች ይያዙ፤ ጫማ እንደሚወለውል ሰው ወዲያና ወዲህ ይሳቡት። ጨርቁ የቅንጥቧን ጫፍ ይይዝና ወደ ውጭ ያፈናጥራታል። ዓይንዎን ይጠብቁ፤ ሌላኛውን እጅዎን ከላይ ጋርደው ቢይዙ የት እንደወደቀች አይጠፋዎትም። እጀታው ሲወጣ በየት አቅጣጫ እንደነበር ያስታውሱ፤ ተዘዋውሮ ከገባ ጉልበት ይመታል።

አሁን ሽፋኑን ከታች ጠርዝ ጀምረው ይፈንቅሉ። መፈንቀያው ክሊፑ ራሱ አጠገብ ይግባ፤ ከክሊፑ ርቆ የተሳበ ሽፋን ካርቶኑ ይቀደዳል። ጎንና ጎኑ ሲለቅ ሽፋኑን ወደ ላይ ያንሱት፤ የላይኛው ጠርዙ መስታወቱ በሚወርድበት ቦይ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ወደ ራስዎ ቢጎትቱት አይወጣም። ከኋላው የመስታወት ስዊቹን ሶኬትና የእጀታውን ገመድ ያላቅቁ።

ከሽፋኑ ጀርባ በጥቁር ሙጫ የተለጠፈ የፕላስቲክ ወረቀት አለ። ጋራዥ የገባ በር ላይ ይህ ወረቀት ብዙ ጊዜ ተቀድዶ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ይገኛል፤ በጣም የሚያናድደኝ ነገር ነው። በመስታወቱ ጎን የሚወርደው ዝናብ በበሩ ውስጥ ፈስሶ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች የሚወጣው ይህ ወረቀት ስለሚያግደው ነው። ወረቀቱ ከሌለ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ምንጣፉን ያርሰዋል፣ ወለሉ ይዝጋል። ስለዚህ ሙጫውን በጣት እየለቀቁ መቆለፊያው ያለበትን የኋላ ጥግ ብቻ ይግለጡት፤ ሙጫው አፈር እንዳይነካው ያድርጉ፣ መልሶ ይለጥፋል።

መቆለፊያውን ማውጣት

እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት በእጅ ባትሪ እያበሩ ከሁለት ሦስት አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ። የትኛው ዘንግ በየትኛው ቀዳዳ፣ ከፊት ወይስ ከኋላ እንደገባ ከሁለት ሰዓት በኋላ ማንም አያስታውስም።

ዘንጎቹን የሚይዙት ክሊፖች ሥራው የሚሰናከልባቸው ትናንሽ ፕላስቲኮች ናቸው። ክሊፑ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ቀዳዳው ውስጥ የገባ አንገት፣ ሌላው ዘንጉን ያቀፈ ክንድ። ብዙ ሰው ዘንጉን በፒንሳ ይጎትትና አንገቱን ይሰብራል። ትክክለኛው መንገድ ክንዱን በአውራ ጣት ገፍቶ ከዘንጉ ላይ ማላቀቅ፣ ከዚያ ክንዱን ማዞር፣ በመጨረሻ ዘንጉን ወደ ጎን ማውጣት ነው። በዚህ መንገድ የውጭውን እጀታ ዘንግና የቁልፉን ማዞሪያ ዘንግ ያላቅቁ። የውጭው እጀታ ዘንግ ማስተካከያ ጥርስ ካለው በየት ቦታ እንደነበር በቀለም ምልክት ያድርጉ።

የመስታወቱ የኋላ ቦይ በመቆለፊያው ፊት ለፊት ስለሚያልፍ መውጫውን ይዘጋዋል። ቦዩን የያዘውን ባለ 10 ብሎን ፈትተው ወደ ፊት ገለል ያድርጉት። የመቆለፊያውን የሽቦ ሶኬት ይንቀሉ፤ የሚለቀው ምላሱ ሲጫን እንጂ ሽቦው ሲጎተት አይደለም።

አሁን በበሩ ጠርዝ ላይ ያሉት ሦስት ብሎኖች ቀሩ። በፋብሪካ በሙጫ ስለሚታሰሩ መጀመሪያ እምቢ ይላሉ። የቶርክስ ከሆኑ ቀዳዳቸውን በመርፌ ከአቧራ አጽድተው ጫፉን እስከ መጨረሻው ያስገቡ። የኮከብ ከሆኑ ቀዳዳውን ልክክ አድርጎ የሚሞላ ትልቅ ካቻቢቴ ይጠቀሙ፤ ጀርባውን በመዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ አድርገው ከዚያ በሙሉ ክብደትዎ እየገፉ ያዙሩ። በትንሽ ካቻቢቴ የተሞከረ ብሎን ራሱ ይላጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው መሰርሰሪያ ብቻ ነው። የመጨረሻውን ብሎን ሲፈቱ በሌላው እጅ መቆለፊያውን ከውስጥ ደግፈው ይያዙት።

መቆለፊያውን ትንሽ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ራስዎ እያዞሩ በትልቁ ቀዳዳ ያውጡት። ካልወጣ የተረሳ ነገር አለ፤ ብዙውን ጊዜ የመቆለፊያው ቁልቁል ዘንግ ወይም የውስጡ ገመድ ነው። አይታገሉት፣ ይፈልጉት።

አዲሱን መግጠምና መሞከር

አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጠው እንደገና ያስተያዩ። ገመዶቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያዛውሩት አሁን ጠረጴዛ ላይ ሳሉ ነው፤ በሩ ውስጥ ከገባ በኋላ እጅ አይበቃም። በሶኬቱ አፍ ላይ ያለችው የጎማ ማኅተም ካረጀች ይቀይሯት። የሚንቀሳቀሱትን ክፍሎች ግራሶ በስሱ ይቀቡ፤ ሶኬቱን አይንኩ።

መቆለፊያውን ባወጡበት መንገድ መልሰው ያስገቡ። ሦስቱን ብሎኖች በመጀመሪያ በእጅ ብቻ ያስጀምሩ፤ ሦስቱም ጥርሳቸውን ከያዙ በኋላ ያጥብቁ። ቶዮታ ለእነዚህ ብሎኖች የሚያዘው 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ በአጭር ካቻቢቴ በእጅ አንጓ ጥብቅ ማለት ይበቃል። ላሜራው ቀጭን ስለሆነ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ጥርሱን ይበላል። የብሎን ሙጫ ካለዎት አንድ ጠብታ ያድርጉባቸው። ከዚያ ዘንጎቹን በፎቶው መሠረት ይመልሱ፣ ሶኬቱን ይሰኩ፣ የመስታወቱን ቦይ በብሎኑ መልሰው ያጥብቁ።

አሁን ባትሪውን ይግጠሙ፣ በሩን ግን አይዝጉ። አንድም ሰው እንዳይዘጋው ቢያስጠነቅቁ ይሻላል፤ በአጠገብ የሚያልፍ ልጅ ወይም ሊረዳ የመጣ ጎረቤት ገፋ ሊያደርገው ይችላል። መንጠቆውን በካቻቢቴ ሁለት ጊዜ ጠቅ ያድርጉና እነዚህን አንድ በአንድ ይሞክሩ፦ በውጭው እጀታ ይለቃል? እንደገና ቆልፈው በውስጡ እጀታ ይለቃል? በሩን ከውስጥ የምትቆልፈውን ማንሻ ሲቆልፉ የውጭው እጀታ ሥራውን ያቆማል? በቁልፍና በሪሞት ይከፈታል? መንጠቆው ሲቆለፍ የጣሪያው መብራት ይጠፋል? የመኪናውን መስታወት ሙሉ በሙሉ አውርደው መልሰው ቢያወጡትስ ዘንግ ይነካል? ስድስቱም ጥያቄ በእርግጠኝነት «አዎ፣ ይሠራል፣ አይነካም» ካልተባለ በሩ አይዘጋም። አንድ ዘንግ ተረስቶ የተዘጋ በር ሽፋኑ ሳይወርድ አይከፈትም፤ ሽፋኑ ደግሞ በተዘጋ በር ላይ በቀላሉ አይወርድም።

የውጭው እጀታ ትንሽ እንደተነካ የሚለቅ ከሆነ ዘንጉ በጣም ተወጥሯል፤ እጀታው ጥቂት ነፃ እንቅስቃሴ ሊኖረው ይገባል። እስከ መጨረሻ ተስቦ በጭንቅ የሚለቅ ከሆነ ረዝሟል። በማስተካከያው ጥርስ አንድ ሁለት ዙር በቂ ነው።

በሩ ተዘግቶ ከቀረ

አብሽሩ፣ ይህም መፍትሔ አለው። አንድ ሰው ከውጭ በሩን በመቆለፊያው አካባቢ በመዳፉ ደጋግሞ እየገፋ ሌላው ከውስጥ እጀታውን ይሳብ፤ በቆሻሻ የተያዘ መንጠቆ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይለቃል። ሪሞቱን እየተጫኑም ይሞክሩ። እምቢ ካለ የዚያን ወገን መቀመጫ አራት ብሎኖች ፈትተው ከቦታው ገለል ካደረጉ በኋላ የሽፋኑን ብሎኖች አውጥተው ከታችና ከኋላ በኩል ይፈንቅሉት፤ እጅና ካቻቢቴ የሚያስገባ ክፍተት ይበቃል። ከመቀመጫው በታች ቢጫ ሶኬት ካለ የኤርባግ ነውና ባትሪው ሳይፈታ አይነካም። በክፍተቱ ገብተው የመልቀቂያውን ክንድ በጣት ወይም በታጠፈ ሽቦ ይጫኑት። ሽፋኑ ጥጉ ሊጎዳ ይችላል፤ መስታወት ከመስበር ግን ይሻላል።

ቀለበቱንና የቀረውን ማስተካከል

በሩ ሲዘጋ ከጎረቤቱ ላሜራ ወጣ ብሎ ከቆመ ወይም ካልተወረወረ አልይዝም ካለ ቀለበቱ መስተካከል አለበት። መጀመሪያ ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩበት። ሁለቱን ብሎኖች እንዳይወልቁ አድርገው ላላ ያድርጉ፣ ቀለበቱን በአንድ ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፣ አጥብቀው ይሞክሩ። እነዚህ ብሎኖች ጠንካራ መሆን አለባቸው፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ 23 ኒውተን ሜትር ነው። ጠባብ የወረቀት ቁራጭ በበሩ ጎማና በምሰሶው መካከል አስገብተው በሩን ይዝጉና ይሳቡት፤ በዙሪያው ሁሉ በእኩል ጫና ከያዘ ቀለበቱ ቦታውን አግኝቷል።

ሽፋኑን ከመመለስዎ በፊት የፕላስቲክ ወረቀቱን ሙጫ በጣት እየተጫኑ ዙሪያውን ይለጥፉ፤ የተቀደደ ቦታ ካለ በሰፊ ናስትሮ ይድፈኑ። በአንድ ጀሪካን ውኃ መስታወቱን ከውጭ አጥቡና ውኃው በበሩ ታች ባሉት ቀዳዳዎች ብቻ መውጣቱን ይዩ። ቀዳዳዎቹ በጭቃ ከተደፈኑ በሽቦ ይክፈቷቸው። ሽፋኑን ከላይ አንጠልጥለው ክሊፖቹን በመዳፍ እየመቱ ያስገቡ፤ የተሰበረ ክሊፕ ካለ ይተኩት፣ ካልሆነ ሽፋኑ በጠጠር መንገድ ላይ ሲንኳኳ ይኖራል። ባትሪው ስለተፈታ ሰዓቱና ራዲዮው እንደገና መስተካከል አለባቸው፤ በአንድ ንክኪ እስከ ላይ የሚዘጋ መስታወት ካለም እስከ መጨረሻ ዘግተው ስዊቹን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ይያዙት። ከሳምንት መንዳት በኋላ ሦስቱን የመቆለፊያ ብሎኖችና ሁለቱን የቀለበት ብሎኖች አንድ ጊዜ በካቻቢቴ ፈትሹ፤ የላላ ካለ ያጥብቁት።